ጋብቻ መድኃኒት አይደለም፦ በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ የአብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመጋቢያን፣ ለወንጌላውያን፣ ለጉባኤ ሽማግሌዎችና ለወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪዎች፤

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

«ጋሼ፣ እኔን መድኃኒት አድርጋችሁ ስታዙለት፣ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር?»

ይህን የጠየቀችኝ አንዲት እህታችን ናት። ዓመታት አለፉ፤ የምመልስላት ግን ዛሬም የለኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሌላ ሴት ልጅ ከእናንተ ከአንዳችሁ ፊት ተቀምጣ ይህንኑ እንዳትጠይቅ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነበር። ስሟን በማልጠራት አንዲት ጉባኤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። አንድ ወጣት፣ ሥራው የተባረከ፣ በአገልግሎትም ትጉህ የሆነ ልጅ፣ አንድ ማታ ከጸሎት በኋላ እኔንና ሁለት ሽማግሌዎችን «ላናግራችሁ» አለን። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ወደ ወንዶች እንደሚያዘነብል፣ ከማንም ጋር ምንም እንዳልፈጸመ፣ ነገር ግን እንደ ጨነቀው ነገረን። ጸለይንለት። ዘይት ቀባነው። ጾም ያዝን፣ እሱንም አስጾምነው። ወራት ቆይቶ «አልለቀቀኝም» ሲለን ግን የቀረን ምክር አንድ ብቻ ነበር፦ «አግባ። ስታገባ ይተውሃል።»

ሙሽራይቱን ያፈላለግነው እኛው ነን። ሽማግሌ ተልኬ ከቤተሰቦቿ ደጅ የቆምኩት እኔ ነኝ። አባቷ «ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «እግዚአብሔርን የሚፈራ ልጅ ነው» አልኳቸው። እውነት ነበር። ያልነገርኳቸውም እውነት ነበር።

አራት ዓመት አብረው ኖሩ። በእነዚያ ዓመታት እህታችን ጥፋቱ የእሷ መሰላት። መልኬ ነው አለች፣ ጠባዬ ነው አለች፣ ጾመች፣ ለበሰች፣ አለቀሰች። ጎረቤቱ «ልጅ እንዴት ነው?» ሲላት አንገቷን ደፋች። እሱም በሌላኛው ክፍል ያለቅስ እንደ ነበር በኋላ ነው የሰማሁት። በመጨረሻ አንድ ቀን ሁሉን ነግሯት፣ ይቅርታ ጠይቋት፣ ከከተማው ወጣ። እሷም ወደ እኔ መጣች፤ ከላይ የጻፍኩትን ጠየቀችኝ።

ወደምላችሁ ነገር ከመግባቴ በፊት የት እንደ ቆምኩ ልንገራችሁ፤ ለዘብ ብሎ መጣ የሚለኝ እንዳይኖር። ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ኪዳን ነው ብዬ አምናለሁ። ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ ሲጠይቁት ጌታ ሙሴ ፈቀደ ወደ ተባለው ሳይሆን ወደ መጀመሪያው ነው የወሰዳቸው። «ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው» የሚለውን ከዘፍጥረት 1፣ «ሁለቱም አንድ ሥጋ ይሆናሉ» የሚለውን ከዘፍጥረት 2 አንስቶ አንድ ላይ አሰራቸው፤ በማቴዎስ 19 የምናነበው ይህንን ነው። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ያንኑ ቃል ጠቅሶ «ይህ ምሥጢር ታላቅ ነው» አለ፤ ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን። እንግዲህ ወንድና ሴት መሆን ለጋብቻ እንደ ልብስ የሚቀየር ነገር አይደለም፤ ትርጉሙ የተጻፈበት ነው።

በሌላ መንገድ የሚያነብቡ ክርስቲያኖች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ክርክራቸውንም ሰምቻለሁ። ሮሜ 1 እና 1ኛ ቆሮንቶስ 6 የሚያወግዙት በዘመኑ የነበረውን በባሪያና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው፤ ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልክ ተማምነው የሚኖሩበትን አያውቁም ይላሉ። ክርክሩን የሚያነሡት ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን የጣሉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን አላሳመኑኝም። ጳውሎስ በሮሜ 1 የሚናገረው ስለ ፍጥረት ነው፤ ሴቶችንም ወንዶችንም ያነሣል፤ «እርስ በርሳቸው» ይላል። በቆሮንቶስ መልእክት የተጠቀመበት «አርሴኖኮይታይ» የሚለው የግሪክ ቃልም «ወንድ» እና «መኝታ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ቃላት በግሪኩ ዘሌዋውያን 20፥13 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ወንዶችን ወይም ሁለት ሴቶችን በመሠዊያ ፊት ልታጋባ አትችልም ብዬ አምናለሁ። በዚህ በኩል ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ሌላ ነው። ጋብቻ ይህን ያህል ቅዱስ ነው ብለን ስናበቃ፣ ሰው ሲቸግረን እንደ ኪኒን እንደምናዝዘው ማንም አይናገርም።

እኔ ያደግኩት በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ወደ ወሎ የመጡት የሉተራን ሚሲዮናውያን አሜሪካውያን እንደ ነበሩ የኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። እነሱን የላከችው ቤተ ክርስቲያን በ1980 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተዋሕዳ የዛሬዋ የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሆነች። ይህችው ቤተ ክርስቲያን በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ከተመሳሳይ ፆታ ጋር በጽኑ ትዳር መሰል ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች መጋቢ ሆነው እንዲያገለግሉ ፈቀደች። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በቤተ ክርስቲያን ለመፈጸም ወሰነች። መካነ ኢየሱስ ልመና ላከች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻ በጥር 2005 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤዋ ከሁለቱም ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠ። ወንጌል ካመጡላት ወገኖች ጋር፣ ከእርዳታቸውም ጋር ተለያየች ማለት ነው። ያን ሰሞን እዚህ ደሴ በብርድ ተጠቅልለን ቡና ላይ ስናወራበት አንድ ሽማግሌ «እናትህን ተሳስተሻል ማለት ይከብዳል» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሆነውን ለመሪዎቻችን እተወዋለሁ። የማነሣው፣ ያ ውሳኔ ዋጋ የተከፈለበት ስለ ነበረ ነው። ጋብቻ ይህ ነው ለማለት የወዳጅን እጅ የለቀቀ ወገን፣ ያንኑ ጋብቻ በጓዳው ለማከሚያነት ቢያውለው ምን ይባላል?

ያችው መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ፣ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ወንጌልን ከልማት ለይታችሁ ሰውን ለሁለት ከፈላችሁ፤ ሰው ግን አንድ ሙሉ ሰው ነው፣ የሚገለገለውም በሁለንተናው ነው የሚል ነበር። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ እጅ ሲገደሉ ይህ ትምህርት አብሯቸው አልተቀበረም፤ ዛሬም በየሥልጠናው እንጠቅሰዋለን። እኔና ሁለቱ ጓደኞቼ ግን ያን ማታ ሙሉ ሰው አላየንም። አንድ ችግር አየን። ችግሩን ለመንቀል ስንል ሁለተኛ ሰው ጨመርንበት።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልለፍ፤ ስለ መድረካችን። ወጣቶቻችን ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የሚሰሙት ከስልካቸው ነው። እኔ እስከማውቀው በሀገራችን ማንም ቤተ ክርስቲያንን አጋቡን ብሎ አልጠየቀም፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ታዲያ በየወሩ በመድረክ ላይ የምንጮኸው ለማን ነው? ስንጮኽም ውሸት እንቀላቅላለን። «ካቶሊክ ማጋባት ጀመረች» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልጀመረችም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከቫቲካን የወጣው ሰነድ እንዲህ ላሉ ጥንዶች ከሥርዓተ ቅዳሴ ውጭ፣ ጋብቻ በማይመስል መልክ ቡራኬ መስጠት ይቻላል የሚል ነው፤ የጋብቻ ትምህርቷ እንዳልተለወጠም እዚያው ላይ ተጽፏል። በወሩ የአፍሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ይህ ቡራኬ በአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት አይደረግም አሉ፤ በየካቲት ደግሞ የግብፅ ኮፕት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊክ ጋር ታደርገው የነበረውን ሥነ መለኮታዊ ውይይት አቆመች። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም በ2015 ዓ.ም. የፈቀደችው የቡራኬ ጸሎት እንጂ ጋብቻ አልነበረም። የቫቲካኑን ሰነድ መቃወም ይቻላል፤ እኔም ጥያቄ አለኝ። በወንድም ላይ ያላለውን አለ ብሎ መመስከር ግን «በሐሰት አትመስክር» በሚለው ትእዛዝ የተከለከለ ነው። ለእውነት ቆምን እያልን እንዴት በሐሰት እንቆማለን?

ሰዶምን ከጠራንም ሙሉውን እንጥራ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 ቁጥር 49 የሰዶምን ኃጢአት ሲቆጥር ትዕቢትን፣ ጥጋብን፣ ሥራ ፈትነትን፣ የችግረኛውን እጅ አለማበርታትን ያነሣል፤ ርኩሰቷ የሚመጣው በሚቀጥለው ቁጥር ነው። ከመድረካችን ቁጥር 49 ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። ሚስቱን የሚደበድብ ሽማግሌ፣ ሠራተኛውን የሚደፍር ነጋዴ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን የሚድር አባት፣ ይህ ሁሉ በጋብቻ ላይ የሚሠራ ኃጢአት በየመንደራችን አለ፤ የሩቅ አገር ወሬ ላይ ግን ድምፃችን ከፍ ይላል። ጥቂት ሰው ላይ መጮኽ ስለማያስከፍል ይሆን?

በማቴዎስ 19 ላይ የምናልፈው ቦታም አለ፤ ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ እዚህ ላይ ነው። ጌታ ስለ ጋብቻ ተናግሮ ሲጨርስ ደቀ መዛሙርቱ «እንዲህ ከሆነ አለማግባት ይሻላል» አሉት። እሱ ግን አልገሠጻቸውም። ስለ ጃንደረቦች ተናገረ፦ ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ እንዲሁ የተወለዱ አሉ፤ ሰዎች የሰለቧቸው አሉ፤ ስለ መንግሥተ ሰማያት ራሳቸውን የለዩም አሉ አለ። የማያገባ ሰው በመንግሥቱ ቦታ እንዳለው የተናገረው ያንኑ ስለ ጋብቻ ባስተማረበት ሰዓት ነው። በኢሳይያስ 56 ደግሞ ጃንደረባው «እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» እንዳይል እግዚአብሔር ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች ይልቅ የሚበልጥ ስም በቤቱ እሰጠዋለሁ ብሎ ተስፋ ገባለት። ከዚያስ በጋዛ መንገድ በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስ 53ን ሲያነብ ፊልጶስ ያገኘው ማን ነበር? የእኛው ሰው፣ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነው፤ ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ባኮስ የሚሉት። በሐዋርያት ሥራ የተጻፈልን የመጀመሪያው ክርስቲያናችን ሚስትም ልጅም ያልነበረው ሰው ነው። «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ፤ ፊልጶስም «መጀመሪያ አግባ» አላለውም።

ወሎ ውስጥ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከደሴ በስተሰሜን ብዙም ሳይርቅ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ መነኮሳትን ያስተማሩበት። ኦርቶዶክስ ለሚያገባው ተክሊልን፣ ለማያገባው ገዳምን አዘጋጅታለች። እኛ የሉተር ልጆች ነን። ሉተር ከገዳም ወጥቶ በ1525 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ካታሪና ፎን ቦራን አገባ፤ ጋብቻን ከምንኩስና በታች ካስቀመጠው አስተሳሰብ አወጣው፤ ስለዚህም እናመሰግነዋለን። የገዳሙን በር ስንዘጋ ግን ያላገባ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር አላበጀንም። አርባ ዓመት የሞላው ያላገባ ወንድም በኛ ጉባኤ ምን ይባላል? «መቼ ነው?» ይባላል። ከዚያ ይጠረጠራል። ከዚያ ሽማግሌ አይሆንም፣ ወጣቶችን አያስተምርም፣ በበዓል ቀን የሚጠራው ቤት የለም። ወደ ወንዶች የሚያዘነብል ልብ ይዞ በንጽሕና ለመኖር የሚታገል ሰው፣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተቀብሎ ዕድሜውን ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው፣ በመካከላችን ካለ ከሁላችን ይልቅ ቤተሰብ የሚያስፈልገው እሱን ነው። እኛ ግን «አታግባ ወንድ» ስንለው «አታግባ ሴት» ማለትም እንዳለብን፣ ያን ካልን ደግሞ «ና፣ ከእኛ ጋር እርጅ» ማለት እንደሚገባን አላሰብንም።

ስለዚህ ምን እንድታደርጉ ነው የምጠይቃችሁ?

ከሁሉ በፊት ማንንም «አግባና ይተውሃል» አትበሉ። የምታውቁትን ሰውራችሁ ለሽምግልና አትሂዱ። ለሠርግ የሚመጡ ጥንዶችን የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት እንጠይቃለን፤ ደማቸውን ያህል ልባቸውንም እንጠይቅ። በቅድመ ጋብቻ ትምህርት ላይ ሁለቱን ለየብቻ አነጋግሩ፤ «በዚህ ትዳር ውስጥ ሚስትህ የማታውቀው የምትሸሽገው ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ ከቀለበቱ በፊት ይጠየቅ። አለ ካለና ሊነግራት ካልፈቀደ ሠርጉ ይቁም። ካርድ ቢበተንም፣ ድንኳን ቢተከልም። የሴት ልጅ ዕድሜ ከድንኳን ኪራይ ይበልጣል።

የተነገራችሁን ምሥጢር ጠብቁ። «የጸሎት ርዕስ» እያልን የሰው ገመና ከክበብ ወደ ክበብ እንደምናዞር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በከተማችን እንዲህ ያለ ስም አንድ ጊዜ ከወጣ ሰው ሥራውን፣ ቤቱን፣ አንዳንዴም አካሉን ያጣል። የነገረህ አምኖህ ነው፤ ስሙን ለማንም አትስጥ፣ ለሚስትህም ቢሆን። ከመድረክ ሰው እንዲደበደብ ወይም ከሰፈር እንዲባረር የሚያነሳሳ ቃል የሚናገር እንግዳ ሰባኪ ከመጣም ማይኩን ከእጁ መቀበል የእናንተ ድርሻ ነው።

ስለ ጋብቻም በዓመት አንዴ በሠርግ ሰሞን ሳይሆን ተራ በሆነ እሑድ አስተምሩ። ምን እንደማይሆን ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ሆነ። ልጆቻችን ሰዶምን ያውቃሉ፤ ኤፌሶን 5ን ግን ጠይቋቸው።

ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን የማያውቅ የለም። ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ያሠሩት ነው፤ ከመኳንንቱ እስከ ድኻው ሁሉ ገብቶ የሚበላበት ስለ ነበረ ስሙ አይጠየፍ ሆነ ሲሉን ነው ያደግነው። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ስሙ ይከብደኛል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ (እድር) የሚቀባበርበት ከተማ ውስጥ ኖረን፣ በቤተ እግዚአብሔር ውስጥ ሰው መጠየፍን ከየት ተማርነው?

አሁን ደሴ ውስጥ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። ባለፈው ዓመት መጥቶ «ጋሼ፣ አላገባም፤ ማንንም ሴት አላታልልም። ትምህርታችሁንም ተቀብያለሁ። ግን ሳረጅ ማን ይጠይቀኛል?» አለኝ። ይህኛው ጥያቄ መልስ አለው፤ ስላለውም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ከፋሲካ ወዲህ በየእሑዱ ምሳ የሚበላው እኛ ቤት ነው። ባለቤቴ የሱን ሳህን ለይታ አታቀርብም፤ ከእኛው ማዕድ ነው። ልጆቼ «አጎቴ» ይሉታል። ነገር ግን እኔ ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ እሱ ገና ነው። ከእኔ በኋላ የእናንተ ቤት ይከፈትለት እንደ ሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለዚህ ደብዳቤ ሌላ መልስ ባትሰጡኝ ይህን መልሱልኝ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደዚያች እህታችን ዘንድ ወርጄ፣ ሳታነብበው ለማንም አልሰጥም ብዬ ሰጠኋት። ቀስ ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። እንዳወጣውም ፈቀደችልኝ፤ አንድ ነገር ብቻ አስተካክል አለችኝ። «አራት ዓመት ብለሃል ጋሼ። አራት ዓመት ከሰባት ወር ነው።»

በክርስቶስ ወንድማችሁ፣
በጡረታ ላይ ያለ መምህርና የቅድመ ጋብቻ ትምህርት አገልጋይ
ደሴ